ለእናቴ ስልክ የሚላከው መጽሐፍ

የሞተ ሰው ስልክ መልእክት ሲገባለት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። የእናቴ አርባ ከወጣ በኋላ ነው። ከማስተምርበት ከሞላሌ ተነሥቼ ቅዳሜና እሑድን ከአባቴ ጋር ላሳልፍ መሐል ሜዳ መጥቼ ነበር። እሱ ወደ መጠገኛ ሱቁ ሄዷል። ቤት ሳጸዳ መደርደሪያው ላይ ያለው የእናቴ ስልክ ጢው አለ። ቻርጅ ላይ ተሰክቷል። ማን ሰካው?

ነገሩ እንዲገባችሁ ከመጀመሪያው ላስረዳ። አስተማሪ ነኝና ዘልዬ መሄድ አይሆንልኝም።

አባቴ ሞባይልና ሬዲዮ ይጠግናል። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ኢንተርኔት ላይ የማይገባበት ጉድጓድ የለም። እርሳስ በፋብሪካ እንዴት እንደሚሠራ፣ ድልድይ እንዴት እንደሚገጠም የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ያያል። ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ዳማ ይጫወታል፤ ሲሸነፍ «ኔትወርኩ ነው» ይላል። ወደ ቤት ሲገባ ደግሞ ለእናቴ የአየር ትንበያ ያነብላት ነበር።

«ነገ ዝናብ የለም ይላል።»

«የት ሆኖ ነው የሚለው? መንዝን አይቶታል?» ትለዋለች። ልብስም አታሰጣም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥበት ግን መጽሐፍ ነው። የወደደውን መጽሐፍ ለብቻው አንብቦ ዝም ማለት አይችልም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቀኑን ሙሉ የበግ ፀጉር ስትፈትል ነበር የምትውለው። ስለዚህ ዘዴ ፈጠረ። ሱቁ ውስጥ ሆኖ አንድ ምዕራፍ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ይቀዳል፣ ወደ ስልኳ ይልካል። እሷ እንዝርቷን ሳታስቀምጥ በትንሿ ጣቷ ተጭና ታዳምጣለች። ከዚያ ወቀሳዋ በድምፅ ይመጣለታል።

ብዙ መጻሕፍት እንዲህ አልፈዋል። የመጨረሻው ስለ አንድ መርከበኛ የሚተርክ ወፍራም ልብ ወለድ ነበር። ሰውየው ሚስቱን ወደብ ላይ ትቶ ይሄዳል፤ ማዕበል ይመታዋል፣ ይታመማል፣ ይታሰራል፤ ቤቱ ግን አይደርስም። እናቴ ባሕር አይታ አታውቅም። መርከበኛውን ግን እንደ ጎረቤት ነበር የምትቆጣው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ቀዥቃዣ ዛሬም አላስገባኸውም? ሚስቲቱ እስከ መቼ በር በሩን ታያለች?» ብላ የላከችለትን አሰምቶኛል።

«እኔ ምን ላድርግ? ደራሲው ነው» ብሏታል።

«ለደራሲው ደውልለታ!»

እንዲህ እየተባባሉ ሳለ ታመመች። ለሕክምና ደብረ ብርሃን ወሰድናት፤ በሕይወት አልተመለሰችም። መርከበኛው ገና ባሕር ላይ ነበር።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ስልኩን ከፈትኩት። አባቴ ምዕራፎቹን መላክ አላቋረጠም። ከቀብሯ በኋላ የላካቸው ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ጎን ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ አለች። ለማያውቅ ላስረዳ፤ ነጥቧ መልእክቱ እንዳልተሰማ ታመለክታለች። ተቀባዩ ሲያዳምጠው ከላኪውም ስልክ ላይ ትጠፋለች። ይህን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን አላሰብኩትም፤ የመጨረሻውን ተጫንኩ።

«እሜቴ፣ ዛሬ መሬት ታየችው» ብሎ ይጀምራል። ጥቂት ያነብና ያቆማል፤ እሷ ነገር የምታስገባበት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ «እሺ፣ እሺ፣ አትቸኩይ፣ እየደረሰ ነው» ብሎ ይቀጥላል።

ሰምቼ ሳልጨርስ በሩ ተበረገደ። አባቴ ነው። ካቻቢቴውን እንደያዘ፣ ሱቁን ሳይዘጋ ሮጦ መጥቷል። ነጥቧ ስትጠፋ አይቷል። ትንፋሹ ተቆራርጧል። ስልኩን አየ፤ ከዚያ እኔን።

«አንቺ ነሽ» አለ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ። ሌላ ማን ሊሆን ነው? ቤት ያለሽው አንቺ ነሽ።» የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ። «መንገድ ላይም አውቄ ነበር። እግሬ ግን አላወቀም።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ካቻቢቴውን ከእጁ ልወስድለት ብሞክር አልለቅ አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም አልላከም። የእናቴን ስልክ ራሱ አጠፋው። ዳማውንም ቪዲዮውንም ትቷል። «የቀረውን ለእኔ አንብብልኝ» ስለው «አንቺ ማንበብ ትችያለሽ» ብሎ መጽሐፉን ሰጠኝ።

አሁን ሞላሌ ሆኜ፣ ተማሪዎቼ ከወጡ በኋላ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ የቀሩትን ምዕራፎች እያነበብኩ ለእሱ እልካለሁ። ትናንት መርከበኛውን ቤቱ አስገባሁት። አባቴ እስካሁን አንዱንም አልከፈተም።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ከምትወዱት መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ በድምፃችሁ ቅዱና ገና መስማት ለሚችል ሰው ላኩ፤ የሚመልስላችሁንም አታጥፉ።