ሪባን ያልተቆረጠለት ፍራሽ

በአረጋውያን ክፍል ያለችውን ኃላፊ ነርስ በስሟ የሚጠራት ሰው ጥቂት ነው። ጽዳት ሠራተኞቹም፣ ተለማማጅ ሐኪሞቹም፣ በር ላይ የሚቆሙት ጥበቃዎችም «ገልባጯ» ነው የሚሏት፤ አሸዋ እንደሚደፋው መኪና ማለታቸው ነው። ጠዋት ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ «እኚህ አባት መቼ ተገላበጡ? እኚህን እናት በጀርባቸው ያስተኛቸው ማነው?» እያለች ከአልጋ አልጋ ስለምትዞር የወጣላት ስም ነው። ስትቆጣ ድምፅዋ እስከ ካርድ ክፍል ይሰማል። የምትቆጣውም ብዙ ጊዜ ነው። ቢሆንም በእሷ ክፍል ተኝቶ መቀመጫው የቆሰለ ሽማግሌ ማግኘት ከባድ ነው፤ ይህን የማይወዷትም አይክዱም።

ስሙን ከሁሉ በላይ የወደዱት አማቷ ነበሩ። አማቷ ዕድሜያቸውን በስፌት መኪና ላይ የጨረሱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መርፌያቸው ከዶለዶመ ቆይቷል፣ ምላሳቸው ግን እንደተሳለ ነው። «ልጄ ሰው አጥቶ ገልባጭ መኪና አገባ» ይሉ ነበር፣ እሷ እየሰማች። እሷም የምትመልሰው አታጣም። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡ ባሏ ከመሀል ገብቶ ከሁለቱም ወገን ይቀምሳል።

እኚህ ሴት ናቸው እንግዲህ መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረው። ምራታቸው ያን ሰሞን ለሥልጠና ሌላ ከተማ ሄዳ ነበር። ባሏ ደውሎ ነገራት።

«የት አስተኟቸው?» አለችው።

«እዚያው እናንተ ሐኪም ቤት፣ አጥንት ክፍል። እግራቸውን በክብደት ጎትተው አስረውታል። ለቀዶ ሕክምናው ተራ ጠብቁ ተብለናል።»

«አገላብጧቸው በልልኝ። ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ። ሰማኸኝ?»

ሰምቶ ነበር፤ ለነርሶቹም ነግሯል። «እግራቸው ታስሮ እንዴት ይገላበጣሉ?» ብለው መለሱት። እሱም የሐኪም ቤት ሰው የሚያውቀውን ያውቃል ብሎ ተዋቸው።

ሥልጠናው ሲያልቅ ከመናኸሪያ በቀጥታ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ አጥንት ክፍል ገባች። አማቷ ግድግዳው ሥር ካለው አልጋ ላይ ተንጋለዋል። ፊታቸው ከስቷል። ስታያቸው ስድብ ጠበቀች። እሳቸው ግን «መጣሽ?» አሉና ዓይናቸውን ከደኑ። ቀጥሎ ሽታው ደረሳት። ያንን ሽታ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች።

ከአልጋው አጠገብ የባሏ ታናሽ እህት ተቀምጣለች። ይህች ልጅ ሥራዋን ትታ እናቷን ስታስታምም የከረመች ናት፤ ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት ብዛት አብጧል።

«አንሶላውን ግለጪልኝ» አለቻት ገልባጯ።

ከአንሶላው ሥር ሽንት እንዳያልፍ የተነጠፈ ላስቲክ አለ፤ ላስቲኩ ደግሞ ላቡንም ሽንቱንም ይዞ ቆዳቸውን ሲቀቅለው ከርሟል። ከመቀመጫቸው ሥር በአየር የተነፋ ክብ ጎማ ተደርጓል። ሁለቱ ሴቶች ተረዳድተው አማቲቱን ቀስ ብለው በጎናቸው ሲያዘነብሏቸው፣ ከጀርባቸው መጨረሻ፣ አጥንቱ ሥጋ ከሌለው ቦታ ላይ፣ መዳፍ የሚያህል ቁስል አለ። ዳር ዳሩ ጠቁሯል፣ መሀሉ ቢጫ ሆኖ ይሸታል። ተረከዛቸው ላይ ደግሞ ደም የቋጠረ ጥቁር እብጠት።

«ትኩስ ትኩስ ሲላቸው በቫዝሊን እያሸሁላቸው ነበር» አለች ልጅቷ፣ የእትዬዋን ፊት እያየች። «ጎማውንም ጎረቤት ዞሬ ተውሼ ነው። እንዳይቆረቁራቸው ብዬ…»

ገልባጯ ጥርሷን ነከሰች። ጎማው ዙሪያውን ተጭኖ መሀል ላለው ሥጋ ደም እንደሚከለክል፣ የጋለ ቆዳ ሲታሽ ከሥሩ እንደሚበጣጠስ ለዚህች ልጅ ማን ነገራት? ማንም። በየቀኑ መድኃኒት ሊሰጡ የሚመጡት ሰዎች ጎማውን እያዩ አልፈዋል።

«አንቺ አላጠፋሽም» አለቻት። ድምፅዋ ግን ቁጡ ነበርና ልጅቷ አለቀሰች። «ጎማውን አውጪው። ላስቲኩንም። ከእንግዲህ የጋለውን ቦታ እንዳታሺው። እጅሽን አስቀምጠሽ ከሞቀሽ ወይም ከጠነከረብሽ፣ በዚያ ጎን አናስተኛቸውም ማለት ነው።»

አጥንት ሐኪሙ ጉብኝት ላይ መጥቶ ቁስሉን አየ። ትሁት ሰው ነው፣ ነገር አያበዛም። «ሲስተር፣ ይህ እያለ ቀዶ ሕክምና አላደርግም። ከምከፍትበት ቦታ ቅርብ ነው። ጀርሙ አጥንት ውስጥ ከገባ እናጣቸዋለን» አለ። ተራቸው ለሌላ ሰው ተላለፈ። ገልባጯ ማንም ሳያስረዳት ነገሩ ገባት፦ ቀዶ ሕክምናው ከዘገየ ከአልጋ አይነሡም፣ ካልተነሡ ቁስሉ ይሰፋል፣ ቁስሉ ከሰፋ ቀዶ ሕክምና የለም። ሰው እንዲህ ተሽከርክሮ ሲሞት አይታለች።

እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ገባች። የአጥንት ክፍል ኃላፊዋ የትምህርት ቤት ባልንጀራዋ ናት፤ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነርስነትን የተማሩ።

«አማቴን አበሰበስሻቸው» አለቻት ሳትቀመጥ።

«ደህና ዋልሽ አይባልም?»

«አይባልም።»

ባልንጀራዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ያረጀ ሰው ቆዳው ወረቀት ነው። አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«ወረቀት መሆኑን ካወቅሽ ድንጋይ ለምን ትጭኝበታለሽ? ታስረዋል ትሉኛላችሁ። የታሰረ ሰው አንድ ብርድ ልብስ አጥፈሽ ከወገቡ ሥር ብታደርጊ ጋደል አይልም? ከባቱ ሥር ትራስ ብታስገቢ ተረከዙ አይነሣም? ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል አልሰማሽም?»

«ቅጠሉን ይዞ የሚቆመው ማነው?» አለች ባልንጀራዋ፣ እሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ጋውኗን ገለጠች። ወገቧ ላይ ሰፊ የድጋፍ ቀበቶ ታስሯል። «ይኸው፣ ሳነሣ ሳነሣ የራሴ ዲስክ ወጥቷል። በአንድ ፈረቃ ይህን ሁሉ በሽተኛ ይዘን ሁለት ነን። አንዷ ስትታመም እኔ ብቻዬን ነኝ። ለአንቺ ክፍል ሰው ሲመደብ ለእኔ ይገባል ብለሽ ጮኸሻል? አልጮህሽም። ፍራሽ ለምኛለሁ፣ የአየር ፍራሽ። ፍራሹ መጥቷል እንኳ።»

«መጥቷል? ታዲያ የታለ?»

«መጋዘን። ምርቃት እየጠበቀ ነው።»

የገልባጯ ቁጣ አልበረደም፤ አቅጣጫ ብቻ ነው የቀየረው። ባልንጀራዋን ይቅርታ አልጠየቀችም። ወጥታ የሐኪም ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ሄደች።

ሥራ አስኪያጁ ለስላሳ ሰው ናቸው። ሁሉን በፈገግታ ነው የሚከለክሉት። ፍራሾቹን የለገሱት ሰዎች በክብር እንግዳ ፊት ማስረከብ እንደሚፈልጉ፣ እንግዳውም ጊዜ እንዳልተመቻቸው፣ ሪባን ተቆርጦ ፎቶ ሳይነሣ ማውጣት ለጋሾቹን ማስቀየም እንደሆነ አስረዷት።

«ትንሽ መታገሥ ነው፣ ሲስተር።»

«እኔማ ልታገሥ። ሥጋ እንዲታገሥ ማን ይንገረው?» አለች። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ እንዳሉ ቀሩ።

መጋዘን ጠባቂው ጡረታ ሊወጣ የደረሰ ዝምተኛ ሰው ነው። ፍራሾቹ በላስቲካቸው እንደተጠቀለሉ፣ አየር የሚነፋላቸው ሞተር ከነካርቶኑ፣ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። የመጣችበትን ስትነግረው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ትእዛዝ ከሌለ አንድም አላወጣም» አለ። ከዚያ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና «ግን ሆዴን ቆርጦኛል፣ መጸዳጃ ቤት ደርሼ ልምጣ። ጤነኛ ሰው አይደለሁም፣ እቆያለሁ» ብሎ ወጣ።

አንዱን ጎትታ በር ላይ ስታደርስ ባልንጀራዋ ጎማ ያለው ቃሬዛ እየገፋች መጣች። ማን እንደነገራት አልተናገረችም።

«አንቺ አታንሺ፣ ወገብሽ» አለቻት ገልባጯ።

«አላነሣም። እገፋለሁ» አለች።

ቃሬዛው ደጋግሞ ተመላለሰ። ፍራሾቹ መነሣት በማይችሉት ሽማግሌዎች አልጋ ላይ ተዘረጉ፤ ሞተሮቹ ሲነሡ ክፍሉ በንብ ድምፅ ተሞላ። አማቲቱ አዲሱ ፍራሽ ላይ ከተኙ ብዙም ሳይቆይ ሥራ አስኪያጁ መጋዘኑን ከሚቆጣጠረው የፋርማሲ ኃላፊና ከሁለት ጥበቃ ጋር ገቡ። አሁን ፈገግታቸው የለም። ንብረት ያለ ትእዛዝ ወጥቷል፣ አሁኑኑ ወደ መጋዘን ይመለስ አሉ።

«እሺ» አለች ገልባጯ። ከአማቷ አልጋ ራቅ ብላ ቆመች። «ይምጡ፣ እናቴን ከላዩ ያንሡልኝና ይውሰዱት። ቀስ ብለው ግን፣ ቁስላቸው ክፍት ነው። ጓንት ይሰጥዎ?»

ማንም አልተነቃነቀም። ጥበቃዎቹ መሬት መሬት አዩ። አጥንት ሐኪሙ ከማዶ አልጋ አጠገብ ካርድ ያያል፤ ቀና ሳይል «ፍራሹ ከተነሣ ቀዶ ሕክምናውን ጨርሶ እሰርዛለሁ። ምክንያቱንም ለሚጠይቀኝ እናገራለሁ» አለ።

ያን ጊዜ ነው ዝም ብለው የከረሙት አማት ዓይናቸውን የገለጡት።

«ልጄ» አሉ ሥራ አስኪያጁን። «ሪባኑ ነው የቸገረህ? አምጣና እኔው ወገብ ላይ እሰረው። እንግዳህ ሲመጣ መቀሱን አቀብለዋለሁ፤ መቀስ ስይዝ ነው የኖርኩት። ፎቶም ከፈለጋችሁ ፊቴን አዙራችሁ ቂጤን አንሡት፣ ሥራችሁ ያለው እዚያ ነው።»

ከማዶ አንድ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት እያቃሰተ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ጥበቃዎቹን አስከትለው ወጡ። ገልባጯ አልሳቀችም። ዞራ ለአጥንት ክፍል ነርሶች «ፍራሽ አገኘን ብላችሁ እንዳትቀመጡ» አለቻቸው። «ሞተር ያግዛል እንጂ እጅ አይተካም። በሽተኞቹ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣሉ።»

ከዚያ በኋላ ያለው አድካሚ ሥራ ነው። የራሷን ፈረቃ ስትጨርስ አማቷ ዘንድ ትመጣለች። የሞተው ሥጋ ተቆርጦ ወጣ፣ ቁስሉ በጨው ውሃ እየታጠበ ታሸገ። የባሏን እህት አስተማረቻት፤ ሰው ሲገላበጥ አንሶላው ላይ እንዳይጎተት ማንሣት፣ ሲረጥቡ ወዲያው ማድረቅ፣ እንቁላልና ወተት በማንኪያም ቢሆን ማስገባት። ልጅቷ ተምራ የጎረቤት አልጋ አስታማሚዎችንም ማዘዝ ጀመረች። አማቲቱ እየበረቱ ሲሄዱ ስድባቸው ተመለሰ።

«በሰላም አታስተኝኝም? ዕድሜዬን ያረጀ ኮት ሳገላብጥ ኖሬ እኔው ኮት ልሁን?»

«ኮት አይናገርም» ትላለች ምራቲቱ፣ እያዘነበለቻቸው።

«አንቺ ሰፍተሽው ቢሆን ኖሮ እሱም ይጮህ ነበር።»

ቁስሉ ቀልቶ መሙላት ሲጀምር ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውን አደረገላቸው። ተሳካ። የመቀመጫው ቁስል ክረምቱ ሳይወጣ ገጠመ። ተረከዛቸው ግን አልማራቸውም፤ ጥቁሩ ሲነሣ ጎድጓዳ ትቶ ቀረ፣ ዛሬም በብረት ድጋፍ ነው የሚራመዱት። ጠያቂ ሲመጣ «ሐኪም ቤት የገባሁት በዳሌዬ፣ የከረምኩት በቂጤ» ይላሉ። ሰው ይስቃል። ምራታቸው ያን ቀልድ በሰማች ቁጥር ክፍሉን ለቃ ትወጣለች። ተረከዙን ያጠፋው አንዲት ትራስ ነው፤ አንዲት ትራስ ከባታቸው ሥር አለመግባቷ። ይህ አያስቃትም።

ምርቃቱ ኋላ ላይ አዳራሽ ውስጥ ተደረገ። አንድ ፍራሽ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሪባኑን ቆረጡበት። ገልባጯ ማስጠንቀቂያ ተጻፈላትና «አጥንት ክፍልን እንዲህ ከወደድሽው» ተብላ ባልንጀራዋ ወዳለችበት ወደዚያው ተዛወረች፤ ቅጣት መሆኑ ነው። ነርስ አልተጨመረም። በየሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆማ ትጠይቃለች፣ በየሳምንቱ በፈገግታ ትመለሳለች። በክፍሉ የሚቆስሉት ሽማግሌዎች ቀንሰዋል፣ አልጠፉም። አንድ በቆሰለ ቁጥር ያን ቀን ደፍሮ የሚያናግራት የለም።

ከባልንጀራዋ ጋር ዛሬም አልታረቁም። «አበሰበስሻቸው» የተባለ ቃል በቀላሉ አይዋጥም፣ ይቅርታም የጠየቀ የለም። ሰዓቱ ሲደርስ ግን አንዷ ከአልጋው ወዲህ፣ ሌላዋ ከወዲያ ይቆማሉ። አንሶላውን ጠቅልለው ይይዛሉ።

«ያዝሽ?» ትላለች አንዷ።

«ያዝኩ» ትላለች ሌላዋ።

ሽማግሌውን አንሥተው ወደ ግድግዳው ያዞሩታል፣ ትራሱን ይደግፉለታል፣ ሳይተያዩ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋሉ።