የኔፓል ልዑክ ከቱላ

ኔፓል የደረሰችኝ ማንም ስላልፈለጋት ነው። የታሪክ መምህራችን የተባበሩት መንግሥታትን ጉባኤ አስመስለን በአዳራሹ እንድንከራከር አገር ሲያከፋፍሉ፣ የአዋሳ ከተማ ልጆች ሶቪየት ኅብረትንና ኩባን ተሻሙ፤ እኔ ጥግ ተቀምጬ የተረፈችውን ተቀበልኩ። «ትንሽ አገር ናት፣ ባሕርም የላት፤ ብዙ መናገር አይጠበቅብሽም» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አዝነውልኝ ነው።

ያዘኑልኝ ባለፈው ዓመት ክርክር ላይ የደረሰብኝን ስላዩ ነበር። እኔ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የቱላ ልጅ ነኝ። ቤታችን የሚነገረው ሲዳምኛ ነው፤ አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ያን ጊዜ ተነሥቼ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አንደበቴ ተሳሰረ፣ አዳራሹ ሳቀ፣ ሳልጨርስ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ «ዝም አይነቅዝም» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ይኼ ተረት ግን እኔ ላይ አልሠራም፤ ዝምታዬ ነቀዘ፣ ውስጤንም ሲበላው ከረመ። ሐሳብ አጥቼ አልነበረም እኮ! ዘንድሮም ተነሥቼ ሳልጨርስ ብቀመጥ፣ ዳግመኛ እጄን እንደማላወጣ አውቄው ነበር።

መምህሩ ደንቡን አነበቡልን። ሰብሳቢው እሳቸው ናቸው። «ጓድ ሊቀመንበር እንዳትሉኝ፣ ያ ማዕረግ ባለቤት አለው» ብለው አስጠነቀቁን፤ «ክቡር ሰብሳቢ» በቂያቸው ነው። ከዚያም ማንም ልብ ያላለውን አንቀጽ እያዛጉ አነበቡት፤ ልዑክ በፈለገው ቋንቋ መናገር ይችላል፣ አስተርጓሚ ግን ራሱ ያመጣል። ልቤ ዘለለ። አጠገቤ የምትቀመጠውን ጓደኛዬን በክርኔ ጎሸም አደረግኋት። አባቷ ከጎንደር በመንግሥት ሥራ ተዛውረው የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን መናኸሪያ ሰፈር ከሲዳማ ልጆች ጋር አፈር ፈጭታ ስላደገች ሲዳምኛን እንደኔው ታቀላጥፈዋለች።

«አብደሻል?» አለችኝ። አላበድኩም።

በጉባኤው ቀን አጀንዳው ባሕር የሌላቸው አገሮች በጎረቤት ወደብ የመጠቀም መብት ነበር። ተከራካሪዬ፣ ህንድን የወከለው፣ የክፍላችን አለቃ ነው፤ አማርኛው እንደ ሬዲዮ ይንቆረቆራል። ወደቡም መንገዱም የህንድ ነው፣ ሌላው የሚያልፈው ሲፈቀድለት ብቻ ነው ብሎ በጭብጨባ ተቀመጠ። ተራው የኔ ሆነ። ጓደኛዬን በአስተርጓሚነት አጠገቤ አቁሜ በሲዳምኛ ጀመርኩ።

አዳራሹ አጉረመረመ። ህንድ ብድግ አለ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ የኔፓል ቋንቋ ሲዳምኛ ነው እንዴ?»

መልሱን ራሴ በአማርኛ ሰጠሁት። «የህንድስ አማርኛ ነው?»

ሳቁ ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። በሕይወቴ ያ ሁሉ ሰው እኔ ላይ ሳይሆን ከእኔ ጋር ሲስቅ የመጀመሪያዬ ነው። መምህሩ ሰረቅ አድርገው ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠውን፣ ከወጣት ማኅበሩ የተጋበዘውን እንግዳ አዩ። እሱም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገበሬውን በገዛ ቋንቋው ሲያስተምር የከረመ ሰው ነውና ምን ይበል? ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «ደንቡ ይፈቅዳል፤ ኔፓል ትቀጥል» አሉ መምህሩ።

«በእኛ መንደር ምንጩ ያለው ከጎረቤታችን እንሰት ማዶ ነው» ብዬ በሲዳምኛ ቀጠልኩ። «እንሰቱ የእሱ ነው፤ አንዲት ቅጠል የሚቆርጥበት የለም። ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበትን መንገድ ግን አጥሮ አያውቅም። ቢያጥርማ ሚስት አያገኝም ነበር፤ ሙሽራዋ በየት በኩል ትገባለታለች?»

ጓደኛዬ አፏን ሳትከፍት የአዳራሹ ገሚስ በሳቅ ፈረሰ። እኛ ከቱላና ከቡሹሎ መንደሮች የመጣን ልጆች ቀልድ የሚገባን ሁልጊዜ ሌላው ስቆ ካበቃ በኋላ ነበር፤ ያን ቀን እኛ ቀደምን። ህንድ አንገቱን ወዲያ ወዲህ እያዞረ ፊታችንን ያያል። ጓደኛዬ ግን የጨዋ ልጅ ናት፣ ስለ ሙሽራ በአደባባይ መናገር አፈረች። ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ «የኔፓል መንግሥት እንዲህ ያለው አጥር የጎረቤታሞችን ግንኙነት እንደሚያሻክር ያሳስባል» አለች። ሲዳምኛ የምናውቀው እንደገና ሳቅን።

የቀረውን አንድም ቦታ ሳልደናቀፍ ጨረስኩ። ድምፅ ሲሰጥ ኩባ ሳይቀር እጁን ለኔፓል አወጣ። መምህሩ ጠረጴዛውን በዳስተር መትተው «የኔፓል ሐሳብ አልፏል!» ሲሉ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ፤ ጓደኛዬን አቅፌ ዘለልኩ።

ስንወጣ ህንድ በር ላይ ጠበቀኝ። ባለፈው ዓመት አንደበቴ ሲተሳሰር ከሁሉም አስበልጦ የሳቀው እሱ ነበር።

«እንዲያው ያኔ፣ እሷ ሳትተረጉም ሁሉም የሳቀው ምን ብለሽ ነው?» አለኝ።

«ኔፓልኛ ተማር» አልኩትና ወደ ቱላ መንገዴን ቀጠልኩ።