ምሰሶውን የተከለው ሰው

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ሠርግ የተደገሰው ወልቂጤ መግቢያ ላይ በአዲስ በተሠራ መዝናኛ ውስጥ ነበር። አዳራሹን በጉራጌ ቤት አምሳል ነው ያቆሙት፤ ጣሪያው ሣር፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ እንኳ የማያቅፈው የጥድ ምሰሶ። ሙሽሮቹ ተደግፈውት ፎቶ ይነሳሉ፤ ወጣቶቹም እየዳሰሱ ያደንቁታል። እኔ ክትፎዬን ይዤ በአጠገቡ ሳልፍ አዲስ የተጠረበ ጥድ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና ባለሁበት ተተክዬ ቀረሁ። አስተናጋጁ ሮጦ መጥቶ ወንበር አቀረበልኝ፤ የደከምኩ መስሎታል። ወደ ሰባ የሚጠጋ ዕድሜ እንዲህ ያለውን ምክንያት በነፃ ይሰጣልና ተቀመጥኩ።

አባቴ ዕድሜውን መርካቶ ሲነግድ ኖሮ አገሩ የተመለሰ ሰው ነበር። ጸሎቱን በግዕዝ፣ ጨዋታውን በአማርኛ፣ ቁጣውን ግን በጉራግኛ ብቻ ነበር የሚያወጣው፤ ስለዚህ እኛ ልጆቹ ገና ቋንቋው ሲቀየር ነበር የምንሸሸው። ሰባቱንም አጽዋማት ይጾማል፤ በሰሙነ ሕማማት ጉልበቱ እስኪላጥ ይሰግዳል፤ ጎረቤቶቻችን ጾም ሲገባ ድመታችንም አብራ ትጾማለች እያሉ ይቀልዱበት ነበር። የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኞችም ሙሴ፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ፣ አድርገው ሾመውታል። እኔ ደግሞ የእሱ ኩራት ነበርኩ፤ በዘጠኝ ዓመቴ ጸሎተ ሃይማኖትን አንድ ቃል ሳላዛንፍ በቃሌ እወጣው ነበርና እንግዳ በመጣ ቁጥር በርጩማ ላይ ያቆመኛል፤ እኔም ትርጉሙን ሳላውቅ በጥርት ያለ ድምፅ አወርደዋለሁ።

በዚያ ዓመት ትልቁ ቤታችን ተሠራ። በእኛ አገር ቤት የሚቆመው በመሐል ምሰሶው ነው፤ ግንዱን ከጫካ መርጠው የሚጥሉት፣ የሚጠርቡትና የሚተክሉት ደግሞ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድላቸው ሰዎች ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ ፉጋ ይሏቸዋል፤ ዛሬ ስሙን ስጽፈው አፍራለሁ። ያለ እነሱ ቤት አይቆምም። ቤቱ ተከድኖ እሳት ከነደደበት፣ ከብትም ከገባበት በኋላ ግን ደፉን እንዲረግጡ አይፈቀድም፤ ከገቡ እንሰቱ ይደርቃል፣ ላሟ ትነጥፋለች ይባላል። ምግባቸውን ደጅ ላይ በኮባ ቅጠል ይቀበላሉ፤ ከበሉ በኋላም ቅጠሉ ይቃጠላል። አባቴ ይህንን ሥርዓት ጾሙን የሚጠብቀውን ያህል ይጠብቅ ነበር፤ ሁለቱ የሚጣሉበት ነገር እንዳለ አንድም ቀን የታሰበው አይመስለኝም።

የእኛን ምሰሶ የተከለው በርጋ የሚባል ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግንዱን ሲጠርብ እኔ ፍልጡ ላይ ተቀምጬ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ መምህራችን ጫማ፣ ስለመጣልኝ ሁሉ እለፈልፍለታለሁ፤ እሱም ሳይሰለች ይሰማኛል። አንድ ቀን ስንት ምሰሶ እንደተከለ ብጠይቀው ብዙ ነው አለኝ። "ሰው ሲኖርበት ግን አንዱንም አይቼው አላውቅም" አለና እንደገና መጥረቢያውን አነሳ። በነገሩ ማዘን እንዳለብኝ እንኳ አልገባኝም።

በአዲሱ ቤት የመጀመሪያው ጽዋ የተዘጋጀው ለሐምሌ ሚካኤል ነበር። አባቴ ጠዋት ነጭ በነጭ ለብሶ ልጆቹን ሰበሰበና "ዛሬ በራችን ላይ የሚቆም ሰው ማንም ይሁን ማን ግባ በሉት፤ ክርስቶስ በምን መልክ እንደሚመጣ አይታወቅም" አለን። እኔም የእጅ ውሃ ይዤ በር ላይ እንድቆም ታዘዝኩ። ቀትር ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። በርጋ መጥረቢያውን ተሸክሞ በመንገዱ ሲያልፍ ነበር፤ ሮጦ መጥቶ ከጣሪያችን ጠርዝ ሥር ተጠለለ፤ ውሃው ከአገጩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

"ግባ" አልኩት።

"ተይ የኔ ልጅ፣ ጣጣ ታመጪብኛለሽ" አለኝ እየሳቀ።

አባቴ ማንም ይሁን ማን ማለቱን ነገርኩትና እጁን ያዝኩት። እጁ ሻካራና ቀዝቃዛ ነበር። ወደ ውስጥ አየ፤ ምሰሶው ከበሩ ፊት ለፊት ይታያል። "ምሰሶዬን ልየው እንዴ?" አለ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም። ከዚያ መጥረቢያውን ደጅ ላይ አስቀመጠ፣ እግሩን ሣሩ ላይ አብሶ ገባ።

ቄሱ ዳቦውን ሊባርኩ መስቀላቸውን አንስተው ነበር። በርጋ ማንንም ሳያይ በቀጥታ ወደ ምሰሶው ሄደና የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው መዳፉን አኖረበት። ጢሱ ጥዱን ትንሽ አጥቁሮት ነበርና ቀና ብሎ እስከ ጣሪያው ድረስ ተመለከተው። ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አላየሁትም።

አባቴ ተነስቶ ከግድግዳው ላይ አለንጋውን አወረደና "ማን አስገባው?" አለ፣ በጉራግኛ። ዓይኑ ሰዉን ሁሉ ዞሮ እኔ ላይ ቆመ።

"ራሱ ነው የገባው" አልኩ። በርጩማ ላይ ቆሜ ጸሎት በምወጣበት በዚያው ጥርት ባለ ድምፅ ነው ያልኩት።

በርጋ ዞሮ አየኝ። ሊያጋልጠኝ ነው ብዬ ፈራሁ። "እውነቷን ነው ጌታዬ፣ እኔው ነኝ የገባሁት" አለና ወደ በሩ ሄደ፤ አለንጋው ሁለት ጊዜ ጀርባው ላይ ሲያርፍም አልሮጠም። ቄሱ ቤቱን ጠበል ረጩ፣ ጠላው ተደፋ፣ ጽዋውም ወደ ጎረቤት ቤት ተዛወረ። እዚያም ስለ ድሆችና ስለ ስደተኞች ጸልየው ጨረሱ፤ እኔም አሜን አልኩ።

በነሐሴ ጓሯችን ውስጥ ሦስት እንሰት ቢጫ ሆነ። እንሰት በየክረምቱ ይታመማል፤ ያን ክረምት ግን ምክንያቱ ታወቀ ተባለ። ሽማግሌዎቹ በመንደሩ መሐል በሚያልፈው ሰፊ መስክ፣ በጆፎሮው ላይ ተቀመጡና በርጋ ቤተሰቡን ይዞ ከመንደሩ እንዲነቀል ፈረዱ። ከአባቴ አጠገብ ነበርኩ። እኔ ነኝ ያስገባሁት ብል ልጅ ናት፣ አላወቀችም ተብሎ ነገሩ እንደሚበርድ፣ እኔም ከአንድ ግርፊያ የባሰ እንደማይደርስብኝ አውቅ ነበር። ማወቄን ዛሬም አልክድም። አልተናገርኩም። በርጋ፣ ሚስቱና በእኔ ዕድሜ ያለች ልጁ ዕቃቸውን በራሳቸው ላይ ተሸክመው በጭቃው ውስጥ ወደ እነሞር በኩል ሲሄዱ በአጥር ቀዳዳ አየኋቸው።

በሚቀጥለው ጽዋ በርጩማው ላይ ቆምኩ። ማኅበርተኞቹ "የተባረከች ልጅ" አሉ፤ አባቴ ግንባሬን ሳመኝ። እናቴ ግን በዚያ ቀን ከጋጡ ጥግ ሆና የበርጋን እጅ ስይዝ አይታኝ ኖሮ፣ ጸሎቱን ስጀምር ተነስታ ወጣች። እስክትሞት ድረስ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔ ያንን ጸሎት በጀመርኩ ቁጥር ግን ተነስታ ትወጣ ነበር።

አባቴ በክብር ተቀብሯል። ቤቱ ፈርሶ የአጎቴ ልጅ ቆርቆሮ ቤት ሠርቶበታል፤ ጆፎሮውም ከሁለት በኩል በአጥር ተገፍቶ ጠቧል። ዘመዶቼ ሲሰበሰቡ ለዚያ ዘመን ያለቅሳሉ፤ የድሮ ሰው ሃይማኖት ነበረው ይላሉ። እኔ ግን በልቤ የምፈልገው ሌላ ነው፦ የማንንም እጅ ይዛ ግባ የምትለዋን ልጅ። እሷ ከበሩ እስከ ምሰሶው ድረስ ኖረች፤ ከዚያ በኋላ የት እንደገባች አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምእመናኑ ሁሉ ጸሎተ ሃይማኖትን በአንድ ድምፅ ሲያሰሙ አፌ ይከፈታል፣ ድምፄ ግን አይወጣም።

ንጉሡ ከወረዱ በኋላ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት፣ በርጋን ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ እነሞር፣ ጉንችሬ ገበያ ድረስ ሄጄ ነበር። እያጠያየቅሁ ያገኘኋት ልጁን ነው፤ መሬት ላይ በርጩማዎች ደርድራ ትሸጣለች። አባቷ ከሞተ ዓመት አልፎታል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራት የያዘችውን በርጩማ ከእጇ አስቀመጠችና ትኩር ብላ አየችኝ።

"ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ?" አለችኝ። "አባቴ ክረምት በመጣ ቁጥር ያነሳሽ ነበር። 'ያቺ ልጅ ቀና ናት፤ እኛ ከወጣን በኋላ እውነቱን ሳትናገር አትቀርም፤ ገርፈዋት ይሆን?' እያለ ይጨነቅ ነበር።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ገረፉሽ እንዴ?" አለችኝ።

"አልገረፉኝም" አልኳት።