ወንድሜን የወሰደ እርቅ

ደርግ ወድቆ ጠመንጃ በየቤቱ በነበረበት ጊዜ ወንድሜ ሸፈተ። ከጓደኞቹ ጋር ከቆላው ዝቋላ ወደ ሰቆጣ የሚወጣውን መንገድ እየጠበቀ ገበያተኛ ይዘርፍ ነበር። አንድ ቀን «ፍየሎቼን አልሰጥም» ያለውን ወጣት ገደለ። ሟቹ ለእናቱ አንድ ልጅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እኔና እናቴ ከሰው ተለየን። ለቅሶ ብንሄድ አጠገባችን የሚቀመጥ የለም። ሰንበቴ ላይ ጠላው ሁልጊዜ እኛ ጋ ሲደርስ ያልቃል፤ እንዴት እንደዚያ እንደሚሰፍሩት ይገርመኝ ነበር። እናቴ ግን ልጄ ከዱር ይግባልኝ ከማለት ሌላ ጸሎት አልነበራትም።

ሽማግሌዎች ብዙ ተመላለሱ። በመጨረሻ ወንድሜ መሣሪያውን አስረክቦ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ዝቋላ ወርዶ ከሟች እናት ደጃፍ ተደፋ። ሴትዮዋ ካሳውን አልቀበልም አሉ።

«ከብቱ ምን ያደርግልኛል? እኔ ያጣሁት የሚቀብረኝን ነው» አሉ።

ሽማግሌዎቹ መከሩና እሱ በልጅዎ ፈንታ የጡት ልጅ ይሁንዎት አሏቸው። ሴትዮዋም አውራ ጣታቸውን ማር አስነክተው ወደ ወንድሜ አፍ ሰደዱ፤ እሱም እያለቀሰ ጠባ፣ ልጃቸው ሆነ። እልል ተባለ። እናቴም እልል አለች። ምስኪን፣ ልጇ ወደ ቤቷ የሚመለስ መስሏት ነበር።

ጓደኞቹም እሱን አይተው ተራ በተራ ገቡ። ሴቱ ሳይቀር ገበያ ብቻውን መሄድ ጀመረ። ሽማግሌዎቹ በየደረሱበት ተመረቁ፤ ይገባቸዋል። እኔ ግን ተናድጃለሁ፣ ዛሬም አልበረደልኝም። ወንድሜ የሴትዮዋን ማሳ ያርሳል፣ እዚያው ያድራል። ገበያ ላይ ማሽላቸውን ተሸክሞ ሲያገኘኝ የእናታችንን ጤና እንደ ሩቅ ሰው ይጠይቀኝ ነበር። እኔም ደህና ናት እለው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ እናቴ ሞተች። ወንድሜ መጣ፣ ጉድጓዱን ቆፈረ፣ አፈሩን መለሰ። ያን ቀን እንኳ ያድራል ብዬ መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፍኩለት። ለቀስተኛው ወጥቶ ሲያልቅ ግን እሱም ጋቢውን ለብሶ ተነሣ።

«ዛሬን እደር፤ ብቻዬን ነኝ» አልኩት።

ጉንጬን ሳመኝ። ዓይኔን ሳያይ «እናቴም ብቻዋን ናት» አለኝ።

ፀሐይ አዘቅዝቃለች፣ ዝቋላ ሩቅ ነው። ድሮ ቢሆን መሽቷል፣ መንገዱ ያስፈራል ብዬ አስቀረው ነበር። አሁን መንገዱ ሰላም ነው።