ሳትሰማ የሰጠችኝ አፉታ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ አታውቅም። አንድ ጊዜ ለአንድ ሸኽ ላዋያቸው ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ ስለ ዝናቡ አውርተን ተመልሻለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ደፋር ስለሆንኩ አይደለም፤ ፊቴን ስለማታዩት ነው።

አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም። ጻፍኩ። መጻፍ ምን ኃጢአት አለው ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ ስለው የኖርኩት ይህንኑ ነው።

ለውጥ መጣ፣ ሁሉ ነገር ሊስተካከል ነው በሚባልበት ሰሞን ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አዲስ አበባ ውስጥ ስንከራተት፣ ስለ ዓለም አቀፍ የግብር ፖሊሲ ጥናቶችን የሚያሳትም አንድ ድርጅት ለልምምድ ተቀበለኝ። ተለማማጅ አርታኢ ሆንኩ። አንድ ገቢ በሁለት አገር ግብር እንዳይከፈልበት መንግሥታት ስለሚዋዋሉት ውል የተጻፈውን አነባለሁ፤ የግርጌ ማስታወሻውን ከምንጩ ጋር አመሳክራለሁ፤ የተወላገደ አረፍተ ነገር አቃናለሁ። ሥራው ደረቅ ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ወደድኩት። ልምምዱ ሲያልቅ እንዲቀጥሩኝ የማልሆነው ነገር አልነበረም።

የትውልድ ከተማዬ ሐይቅ ግን ከዚህ ሁሉ የሰማችው “ግብር” የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ለእረፍት ስመጣ ነጋዴዎቹ “ደብቁ፣ ደብቁ! ሰይዶ መጣ!” እያሉ ይቀልዱብኛል። የምትከራከርልኝ እትየ ዘይነባ ነበረች። “ተውት እናንተ! ልጀ መጣፍ ነው የሚያርመው” ትላቸዋለች።

እትየ ዘይነባ ጎረቤታችን ናት። እናቴ እኔን ወልዳ ስትታመም ያጠባችኝ እሷ ነበረች። ከልጇ ከሉባባ ጋር ጡት ተጋርተናል፤ በእኛ ዘንድ ይህ ወንድምና እህት መሆን ነው። ሉባባ ሳዑዲ ሄዳ ቆይታለች። “ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ” ከማለት በቀር እናቷ ስለሷ አታወራም ነበር።

አንድ ቀን የድርጅቱ አርታኢ ጠራችኝ። ሠራተኞች ከዓረብ አገር በሐዋላ፣ ማለትም ባንክ ሳይነካው በሰው እጅ፣ ስለሚልኩት ገንዘብ የተጻፈ ጥናት ልናወጣ ነበር። “ጽሑፉ ውስጥ ሰው የለም” አለችኝ። “አንተ የሐይቅ ልጅ አይደለህም? አንድ ቤተሰብ አነጋግርና በአጭሩ ጻፍልኝ።” ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። የሌላ ሰው ሳይሆን የራሴ ጽሑፍ!

ሐይቅ ሄድኩ። ማንም አላናገረኝም። ስለ ሐዋላ ስጠይቅ ወሬውን ወደ ዓሣ ዋጋ ያዞሩታል። ባዶ እጄን ልመለስ ስል አርዲቦ አቅራቢያ ባለ ዘመድ ቤት የሐሙስ ዱአ ነበርና ከእናቴና ከእትየ ዘይነባ ጋር ሄድኩ። እዚያ እያንዳንዱ ሰው ሐጃውን፣ የልቡን ጭንቀት ያወጣል፤ የተቀመጠው “አሚን” ይላል። የተባለው ሁሉ አማና ነው፤ ከደጃፍ አይወጣም። ይህን የሚነግረን የለም፤ አብረነው ነው ያደግነው።

ተራው የእትየ ዘይነባ ሆነ።

“ልጀ ካሰሪዎቿ ቤት ጠፍታለች” አለች። “ወረቀት የላትም፤ ስሟንም ቀይራለች። እኔ ስልክ የለኝ፤ እሷም ቁጥሯን ስለምትቀያይር ላስደውልላት አልችል። በቃሏ የያዘችው የጀማልን ቁጥር ብቻ ነው። ድምጧን የሚያሰማኝ እሱ ነው። ለሷም ለሱም ዱአ አርጉልኝ።”

ጀማል የውጫሌ ሰው ነው፤ እኛ ከተማ ውስጥ ወደ ሐይቁ በሚያወርደው መንገድ ላይ ስልክ ይጠግናል። ሐዋላም ያቀባብላል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ዓረብ አገር ያሉ ልጆች የላኩትን የድምፅ መልእክት በሱቁ አግዳሚ ላይ ለተቀመጡ እናቶች ያሰማል። መልሳቸውንም ቀድቶ ይልካል።

“አሚን!” አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። እጆቼን ለዱአ ዘርግቼ፣ በልቤ ግን አረፍተ ነገር እያሳመርኩ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነው ይህን የሚያደርግ? እኔ ነኝ። እኔው ነኝ።

በእንግሊዝኛ ጻፍኩት። ስሟን ቀየርኩ፤ የጀማልንም ቀየርኩ። ጽሑፉ እንዲያምር ግን ሱቁን እንዳለ ተውኩት። ሐይቅን ጠራሁ፣ ቁልቁለቱን ጠራሁ፣ ደጃፉ ላይ ተጋድሞ እንደ ጠረጴዛ የሚያገለግለውን አሮጌ ፍሪጅ ጻፍኩ። አርታኢዋ ያችን ፍሪጅ በጣም ወደደቻት።

ድርጅቱ አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው። ስለ አንድ ሰው የተጻፈ ነገር ከመታተሙ በፊት ለራሱ ለሰውየው ይነበብለታል፤ እሺ ካላለ አይወጣም። “አንብበህላታል?” አለችኝ። እትየ ዘይነባ ብትሰማው “አይሆንም” እንደምትል አውቅ ነበር። “አንብቤላታለሁ፤ ተስማምታለች” አልኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ግን ወለምታ አልነበረም፤ አስቤ፣ ተዘጋጅቼ ነው የዋሸሁት።

ጽሑፉ ወጣ። እኔም ተቀጠርኩ። ጥቂት ቆይቶ እናቴ ደወለች። ሁለት የማይታወቁ ሰዎች ሐይቅ መጥተው “ደጃፉ ላይ ፍሪጅ የተጋደመበት ስልክ ቤት የቱ ነው?” እያሉ ባጃጅ ነጂዎችን ጠይቀዋል። ጀማልን ወስደው አመሻሽ ላይ ለቀቁት። በማግስቱ ሱቁ ተዘጋ፤ ስልኩም ተዘጋ። ሰው ልከው ውጫሌ ቢያፈላልጉት ቤተሰቡም የት እንደገባ አያውቅም ተባለ። “ማን ጠቆመበት ይሆን?” አለችኝ እናቴ። እኔም “ማን ያውቃል” አልኳት።

አያችሁ፣ ሉባባ በቃሏ የያዘችው ያንን ቁጥር ብቻ ነበር። ያ ቁጥር ሲዘጋ እናትና ልጅ ተጠፋፉ። ከሳዑዲ የተመለሱ ልጆች ቢጠየቁ፣ ስሟን የቀየረችን ሴት ማን ያውቃታል? እኔ ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ጀማልን ላልመልሰው እችላለሁ፤ ግን ቢያንስ እትየ ዘይነባ የምትረግመውን ሰው ታውቅ ነበር። አልተናገርኩም።

ከዚያ ጦርነቱ ወሎ ገባ። እናቴ መጀመሪያ ደሴ፣ ኋላም አዲስ አበባ እኔ ዘንድ ሸሸች። እትየ ዘይነባን ተነሽ ብትላት እምቢ ብላ ቀረች። “ሉባባ መልእክት ብትልክሳ? ጀማልስ ቢመለስ? ቤቴን ዘግቸ ብሄድ ልጀ የት ብላ ታገኘኛለች?” አለች። ከተማው ባዶ ሲሆን፣ መብራትም ስልክም ሲጠፋ፣ እሷ ያ የተዘጋ ሱቅ አግዳሚ ላይ ትቀመጥ ነበር አሉ። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ የግርጌ ማስታወሻ አስተካክል ነበር። ምግብ አልበላልህ አለኝ። እናቴ ለአገሩ ያዘንኩ መስሏት “አብሽር ልጀ” ትለኝ ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ናይሮቢ ሥራ አገኘሁ፤ ያው የግብር ኅትመት ነው። የሥራዬ ናሙና ብዬ የላክኩት የትኛውን ጽሑፍ እንደሆነ ልንገራችሁ? ያንኑ ነው። እንዳትሳሳቱ፣ ስለ ጸጸት የምሰብካችሁ ሰው ያንኑ ነው የላክሁት።

ሩቅ የሚሄድ ሰው በእኛ ዘንድ ዞሮ “አፉ በሉኝ” ይላል። የሚጠየቀውም ምን አደረግህ ብሎ አይመረምርም፤ ይቅር ብሎ ይሸኛል። እትየ ዘይነባ ቤት ገባሁ። ከስታለች። ጉልበቷን ስሜ “አፉ በይኝ” አልኳት። ቀጥዬ ልነግራት ነበር፤ ወላሂ፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር።

“አፉ ብየሀለሁ” አለችኝ፣ ራሴን እየዳበሰች። “የማውቀውንም የማላውቀውንም። ከጡቴ የጠጣኸውን ሁሉ ሐላል ብየሀለሁ።”

ሳልነግራት ተነሳሁ። በቃ፣ አለቀ፣ ይቅር ተባልኩ ብዬ ቀለለኝ። እንዲያውም ደስ አለኝ! በዱአ የሰማሁትን አማና ሰረቅኩ፤ አፉታዋንም ምን እንደምትምር ሳትሰማ ሰረቅኩ። የቱ ይከፋል? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል።

ልወጣ ስል “ቁጥርህን ስጠኝ” አለችኝ። የመሰለኝ በሰው ስልክ ልትደውልልኝ ነው። ኋላ እናቴ እንደነገረችኝ፣ ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ ልጅ ባየች ቁጥር የእኔን ቁጥር በቃል ታስጠናዋለች። “ሉባባን ካገኛችኋት በዚህ ደውይ በሏት። የጡት ወንድሟ ነው፤ አማና አይበላም” ትላቸዋለች።

እዚህ ናይሮቢ ማንም አይደውልልኝም። ያንን ቁጥር ግን አልዘጋሁትም፤ ስልኩን ከጎኔ አኑሬ እሠራለሁ። ባለፈው ሰሞን የማላውቀው የባሕር ማዶ ቁጥር ጠራ። አነሳሁት። የሴት ትንፋሽ ሰማሁ፤ ወይም የሰማሁ መሰለኝ። “ሉባባ?” አልኩ። ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይሠራም። እሷ ብትሆን የመጀመሪያ ጥያቄዋ “የጀማል ቁጥር ለምን ተዘጋ?” እንደሚሆን አውቃለሁ። መልሱን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

እዚህ የጻፍኳቸው ስሞች የማንም አይደሉም። ፍሪጁም ፍሪጅ አልነበረም፤ በሌላ ነገር ቀይሬዋለሁ። ዘግይቼ ነው የተማርኩት።

ቲኬት ቆርጫለሁ። ሐይቅ ወርጄ፣ ያኔ ላነብላት የሚገባኝን ጽሑፍ እየተረጎምኩ አነብላታለሁ፤ አማርኛ ሲሆን የሚያሳፍረውን አልዘልም። ከዚያ የምትለውን ትበል። ከእናንተም አፉታ አልጠይቅም። ሳትሰማ የሰጠችኝ አንድ አለኝ፤ የምሄደው እሱን ልመልስላት ነው።