ያልበሰለው ሆቶክ

ዛሬ ከጎረቤት የተቃጠለ ስኳር ሸተተኝና ብቻዬን አፈርኩ።

አርባ ምንጭ፣ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ ቤታችን የጸሎት እንግዶች ሊመጡ ሲሉ እናቴን «ቆሎውን ተዪው፣ ዛሬ የኮሪያ ምግብ እሠራለሁ» አልኳት። ኮሪያ መንገድ ላይ የሚሸጠውን ጣፋጭ ቂጣ፣ ሆቶክን፣ በስልክ አይቼ ነበር። ሊጡ ውስጥ ስኳርና ከአጠገባችን ካለው ከላንቴ መንደር የመጣ ሙዝ ከትቼ ጠበስኩት። ውጩ አረረ፤ ውስጡ ግን ሊጥ እንደሆነ ቀረ።

እንግዶቹ አንዴ ገመጡና ሳህኑ ላይ መለሱት። ከኦቾሎ የመጡት የአባቴ ታላቅ እህት ብቻ ቀስ ብለው አኝከው ጨረሱ።

«አክስቴ፣ ይተዉት፣ አልበሰለም» አልኳቸው አንገቴን ደፍቼ።

«ደክመሽበታል፣ ልጄ። ሌላ ስጪኝ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ሰጠኋቸውና ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የበሉት ተርበው ይሁን ለእኔ ብለው፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።