የመርዶ ነጋሪው የአበባ ጉዞ

ጋሽ ዳኛቸውን በማለዳ ደጁ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው በቤተ ክርስቲያናችን አልነበረም። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። መርዶ የሚነግሩት እሳቸው ስለሆኑ ነው። አገር ቤት ሰው ሲሞት ዘመድ አስቀድሞ የሚደውለው እዚህ ላለው ሐዘንተኛ ሳይሆን ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ለወንድም ሳዶቅ ነው፤ ወንድም ሳዶቅ ደግሞ ለጋሽ ዳኛቸው ይደውላሉ። የቀረው የጋሽ ዳኛቸው ሥራ ነው።

ለንደን ውስጥ መርዶ መንገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። አገር ቤት ጎረቤት በማለዳ ተሰብስቦ ይገባል፤ አለቀ። እዚህ ግን ሰውየው የሌሊት ሺፍት ይሁን የቀን መጀመሪያ ቼክ ማድረግ አለ። የሕንፃው በር ኮድ አለው። ግድግዳው ስስ ነው። አንድ ጊዜ ዌምብሊ ውስጥ የአንዲት እህታችን ለቅሶ ተሰምቶ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ፤ ፖሊሶቹ ሐዘንተኛ መሐል ቆመው ማን ማንን እንደመታ ሲጠይቁን አረፈዱ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ዳኛቸው በዋዜማው የጎረቤቶቹን በር እያንኳኩ፣ ነገ ጠዋት ለቅሶ እንደሚሰሙ ነግረው አስቀድመው ይቅርታ ይጠይቃሉ። እኛ ወንጌላውያን ነን፤ ተስፋ እንደሌላቸው አናለቅስም እንላለን። እንላለን እንጂ እናለቅሳለን።

አነጋገራቸው ምንጊዜም አንድ ነው። ሰውየውን ያስቀምጡታል። ሁለት እጁን ይይዛሉ። የሟቹን ስም ይጠሩና "አርፏል" ይላሉ። "ትንሽ አሞት ነበር፣ ሆስፒታል ገብቶ ነበር" እያሉ ሰው አያንከራትቱም። ሰው ሁሉ ቀጥሎ የሚጠይቀው "መቼ?" ብሎ ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ይዋሻሉ፤ የሰነበተውን ሞት "ትናንት" ይሉታል። ጋሽ ዳኛቸው አይዋሹም። "ሰው መሞቱን ይቅር ይላል፤ መቼ እንደሞተ መዋሸትን ግን ይቅር አይልም" ይሉን ነበር።

የአባቴን ሞት የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ስትሪትሃም ወዳለው ቤቴ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ነበር የበሩን ደወል የደወሉት። እጃቸው ሞቃት ነበር። እንደዚያ ላለ ሰው ምስጋና ይገባው ነበር፤ እኛ ግን ባየናቸው ቁጥር መጀመሪያ የምንጠይቀው ማን ሞተ ብለን ነው። እሳቸውም ያውቁታል። ለሻይ እንኳን ሲመጡ ቀድመው ይደውሉና ሰላምታ ሳይሰጡ "ደኅና ነው፣ ምንም የለም" ይላሉ። ይህ ሁልጊዜ ያናድደኝ ነበር፤ ሰው ደግ ሠርቶ እንዴት ይቅርታ ጠያቂ ይሆናል?

ዕድሜያቸውን መሪ ላይ ያሳለፉ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ የጭነት መኪና ነድተዋል፤ እዚህ ጡረታ እስኪወጡ ቀዩን አውቶቡስ ነዱ። ኬንቲሽ ታውን ከማዘጋጃ ቤቱ በተከራዩት የካውንስል ቤታቸው ከባለቤታቸው ከእትዬ ሙሉነሽ ጋር ልጆች አሳድገው ድረዋል። ባልና ሚስቱን ያገናኛቸው የእትዬ ሙሉነሽ ታላቅ ወንድም ደምመላሽ ነው። ሁለቱ ወንዶች በወጣትነታቸው ለገሃር አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ኮት በተራ እየለበሱ የኖሩ ናቸው። ደምመላሽ "እህቴን እሰጥሃለሁ፤ ኮቱን ግን እንዳታስበው" ብሎ እንደቀለደ ጋሽ ዳኛቸው ሺህ ጊዜ ነግረውናል፤ ሺህ ጊዜም ራሳቸው ስቀዋል።

እትዬ ሙሉነሽ ኬር ሆም ውስጥ ሽማግሌዎችን ሲያጥቡና ሲያጎርሱ ነው የኖሩት። ጎሕ ሳይቀድ ወጥተው ሲመሽ ይገባሉ። ከቤታቸው ፊት ለፊት አንድ የጃፓን ቼሪ ዛፍ አለ። በየዓመቱ ያብባል፤ በየዓመቱም የእሳቸው የዕረፍት ቀን እስኪደርስ ነፋስ ያራግፈዋል። "እኔ ያንን አበባ የማውቀው ጫማዬ ላይ ተጣብቆ ነው" ይሉ ነበር። "አንድ ጊዜ ዛፉ ላይ እያለ፣ ቁጭ ብዬ፣ ሳልቸኩል ባየው ሌላ ምንም አልፈልግም።"

እትዬ ሙሉነሽም ጡረታ ሲወጡ ጋሽ ዳኛቸው አልጋና ምድጃ ያላት ያረጀች ካምፐርቫን ገዙ። ቤተ ክርስቲያን በሙሉ ሳቀ። በእኛ ሰው ዘንድ ሩቅ መንገድ የሚወጣው ለሠርግ ነው፣ ለለቅሶ ነው፣ ወይ ለኮንፈረንስ ነው። ለአበባ ብሎ፣ ያውም ቤት እያለው መኪና ውስጥ እያደረ፣ ማን ይሄዳል? እሳቸው ግን ነገሩን አጥንተውታል። አበባው ከደቡብ ጀምሮ አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ወደ ሰሜን ይወጣል። ወደ ስኮትላንድ ድንበር መቃረቢያ ኖርዘምበርላንድ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ነጭ የጃፓን ቼሪዎች አንድ መስክ ላይ የተተከሉበት የአትክልት ቦታ አለ። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ተነሡ።

ስልኩ የመጣው መንገድ ላይ ነው፤ ማክሰኞ ዕለት፣ ቤንዚን ለመቅዳት የቆሙበት ቦታ። እትዬ ሙሉነሽ ሻይ ሊገዙ ገብተዋል። ጋሽ ዳኛቸው ለካምፐርቫኗ ውኃ በጄሪካን ቀድተው ይመለሳሉ። የደወሉት ወንድም ሳዶቅ ናቸው።

"ዳኜ፣ ሙሉነሽ አጠገብህ ናት?"

"የለችም።"

"ደምመላሽ አርፏል። ልቡ ነው ይላሉ። ዛሬ ንጋት ላይ ነው፤ ዛሬውኑ ተቀበረ።"

ጋሽ ዳኛቸው እትዬ ሙሉነሽ ወደ ገቡበት በር አዩ።

"እንዳትነግራት። ሰው በሌለበት መንገድ ላይ አይሆንም፤ አንተ ታውቃለህ። መኪናዋ ተበላሸች በላትና መልሳት። ቅዳሜ ማለዳ ተሰብስበን እንመጣለን፤ አንተው ትነግራታለህ።"

"እሺ" አሉ። ስልኩ ተዘጋ። እትዬ ሙሉነሽ ሁለት ሻይ ይዘው ሲመጡ ማን እንደደወለ ጠየቁ። "ሳዶቅ ነው" አሏቸው፤ "እሑድ ትደርሳላችሁ ወይ ይላል።"

ለምን እንዳልተመለሱ በኋላ ነግረውኛል። ቀብሩ አልፏል። ወደ ኋላ ቢነዱም ወደ ፊት ቢነዱም ደምመላሽ አይመጣም። አበባው ሳምንት አይቆይም። እትዬ ሙሉነሽ አንዴ ጥቁር ከለበሱ ዓመቱን በሙሉ ለደስታ ከቤት አይወጡም፤ በሚቀጥለው ጸደይ ደግሞ ጉልበታቸው እንዴት እንደሚሆን ማን ያውቃል። ስለዚህ ወደ ሰሜን ነዱ። የባለቤታቸውን የስልክ ቻርጀርም ከወንበሩ ሥር ደበቁት፤ በዚህ ዘመን መርዶ ነጋሪን የሚቀድመው ፌስቡክ ነው። እኔ ብሆን እዚያው እነግራቸው ነበር ብዬ ብዙ ተከራክሬያቸዋለሁ። "አንቺ መርዶ ስትነግሪ የሰው ፊት አይተሽ አታውቂም" አሉኝ። "እኔ ያየሁትን ፊት ሁሉ ደርቤ እሷ ላይ አየሁት፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።"

በማግሥቱ ደረሱ። መስኩ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነበር። እትዬ ሙሉነሽ ጫማቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። አንድ አትክልተኛ ቀርቦ አጫወታቸው። ይህ ዓይነት ቼሪ በአገሩ በጃፓን ጠፍቶ ነበር፤ የተገኘው አንድ እንግሊዝ አገር ያለ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከዚህ ቅርንጫፉን ቆርጠው ልከው ነው እዚያ እንደገና የበቀለው። እትዬ ሙሉነሽ በአማርኛ ለባላቸው "ሰው ቢሆን ቪዛ ይጠይቁት ነበር" አሉ። አትክልተኛው ሳይገባው አብሯቸው ሳቀ።

ከዛፎቹ ሥር ለጎብኚ የተሠሩ ዥዋዥዌዎች አሉ። እትዬ ሙሉነሽ በዚያ ዕድሜያቸው አንዱ ላይ ወጡ። "ግፋኝ" አሉ። ጋሽ ዳኛቸው ገፉ። "እንደ ልጅ ግፋኝ እንጂ፤ እንደ አውቶቡስ ነው የምታስነሣኝ" አሉና ሳቁ። አበባው ነጠላቸው ላይ ረገፈ። ፎቶ አንሣኝና ለደምመላሽ እንልክለታለን ሲሏቸው፣ አነሡ። "አንተም ተቀመጥ እንጂ፣ ልግፋህ" ቢሏቸው ወገቤን አሞኛል ብለው ከዛፍ ጀርባ ሄዱ። ያን ቀን የቻሉትን ነገር እኔ ባስበው አልችለውም።

ዓርብ ማታ ለንደን ገቡ። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ እኛ ሕንፃው ሥር ተሰብስበናል፤ እኔ በመጀመሪያው ባቡር ነበር የመጣሁት። ጋሽ ዳኛቸው ከባለቤታቸው ጎን ተነሥተው፣ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ወረዱልን። ወንድም ሳዶቅ ወደ ጎን ወስደዋቸው፣ "መቼ ስትልህ፣ ትናንት በላት። ለአንተም ለእሷም ይሻላል" ሲሏቸው ሰማሁ። ጋሽ ዳኛቸው ቀደሙን። ደረጃውን ወጣን። በራቸው ላይ ስንደርስ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ፤ አዩት፤ መልሰው ከተቱት። የገዛ ቤታቸውን ደወል ደወሉ።

"ቁልፍ ይዘህ የለም እንዴ?" አሏቸው ወንድም ሳዶቅ በሹክሹክታ።

"ለዚህ በቁልፍ መግባት አልችልም።"

እትዬ ሙሉነሽ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ከፈቱ። "ዳኜ፣ ቁልፍህን ረሳኸው እንዴ? ደሞ በዚህ ጠዋት የት..." አሉና እኛን ከኋላ አዩን። ጋሽ ዳኛቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው። ወደ ኋላ ሸሹ። ሁላችንም አንድ ቀን እንደሸሸናቸው ከባላቸው ሸሹ።

"ማነው?" አሉ።

ጋሽ ዳኛቸው አስቀመጧቸው። ሁለት እጃቸውን ያዙ። "ሙሉዬ፣ ደምመላሽ አርፏል።"

ለቅሶው እንዴት እንደነበር አልጽፍም። ጥቂት ቆይቶ ግን፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቁ። "መቼ?"

ወንድም ሳዶቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሽ ዳኛቸው ቀና ብለው አላዩም። "ማክሰኞ። ወደ አበባው ስንሄድ፣ መንገድ ላይ ሳለን ሰማሁ።"

እትዬ ሙሉነሽ እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁ። "ዥዋዥዌው ላይ ስትገፋኝ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ወንድሜ አፈር ውስጥ ሆኖ አሳቅኸኝ። ፎቶ ለሬሳ አስነሣኸኝ።"

"አዎ።"

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩና ትከሻዬ ላይ ተደፉ። ጋሽ ዳኛቸው ተነሥተው በሩ አጠገብ ቆሙ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ትዳሩ የሚተርፍ አልመሰለኝም። እትዬ ሙሉነሽን አውቃቸዋለሁ፤ ቶሎ አይቆጡም፣ ከተቆጡ ደግሞ አይመለሱም።

ቤቱ እየሞላ ሄደ። ከዌምብሊም ከሌላም ሰፈር ሰው መጣ። ዝግ ባለ ድምፅ መዝሙር ተዘመረ። የመጣው ሁሉ እትዬ ሙሉነሽን እያቀፈ "እግዚአብሔር ያጽናዎት" ይላል። ጋሽ ዳኛቸው ከመሬት ቤት ወንበር ያወጣሉ፣ ኮት ይቀበላሉ፣ የበሩን ኮድ ለመጪው ይነግራሉ። እንደ ወትሮው ነው፤ በሰው ለቅሶ ላይ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። አንድም ሰው የእሳቸውን እጅ አልያዘም። እኔም ወንበር ሲያቀብሉኝ "ጋሼ፣ አንድ ይጨምሩልኝ" አልኳቸው።

እኩለ ቀን ላይ እትዬ ሙሉነሽ ለቅሷቸውን አቁመው ዓይናቸው በሩ ላይ ቀረ። ጋሽ ዳኛቸው በሁለት እጃቸው ወንበር ተሸክመው ሲገቡ ብዙ አዩዋቸው።

"ዳኜ" አሉ። መዝሙሩ ቆመ። "ለአንተ ማን ነገረህ?"

"ሳዶቅ ነው። በስልክ።"

"የት?"

"ማደያው ጋ። አንቺ ሻይ ልትገዢ ስትገቢ።"

"ቁጭ ብለህ ነበር?"

"ቆሜ ነው። ጄሪካን ይዤ ነበር።"

"ማን ነበረ አጠገብህ?"

ጋሽ ዳኛቸው ወንበሩን አላስቀመጡትም። "ማንም" አሉ።

እትዬ ሙሉነሽ ክንዴን ነካ አድርገው "ተነሺለት" አሉኝ። ተነሣሁ። ወንድም ሳዶቅ ወንበሩን ከእጃቸው ተቀበሉ። ጋሽ ዳኛቸው ፍርድ ሊሰማ እንደተጠራ ሰው መጥተው እኔ ከተነሣሁበት ተቀመጡ። እትዬ ሙሉነሽ ሁለት እጃቸውን ያዙ።

"ዳኜ" አሉ፣ ቀስ ብለው፣ "ጓደኛህ ደምመላሽ አርፏል።"

ጋሽ ዳኛቸው አፋቸውን ከፍተው አንድ ጊዜ አየር ሳቡ። ከዚያ ገና አሁን እንደሰማ ሰው ጮኸው አለቀሱ፤ እትዬ ሙሉነሽ እጃቸውን አልለቀቁም። ወንድም ሳዶቅ ጋቢያቸውን አውልቀው ጋሽ ዳኛቸው ትከሻ ላይ ጣሉ። እኛም ከየወንበራችን ተነሥተን፣ ተራ በተራ እየጎነበስን፣ "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አልናቸው።